ስለ እሾህና ስለ ዐጸድ፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ አድባራት ቅጽር ስለሚበቅሉ እሾኻም አረሞች ታሪክ፥ አለያየትና አነቃቀል

የኢትዮጵያ ሰው ስለ አንድ ደብር ታሪክ ሲናገር አስቀድሞ የሚያነሣው ሕንጻውን፥ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ነው። ስለ ዐጸዱ፥ ይኸውም በቅጽሩ ውስጥ ስላለው ዛፍና ሣር፥ ስለ አጥሩና ስለ መሬቱ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዐጸድም የራሱ ታሪክ አለው። ዛፉን የተከለው ሰው ስሙ ባይጻፍ እንኳ ዛፉ ራሱ ይመሰክራል፤ እሾህም መቼ እንደ መጣ በመዝገብ ባይገኝ ስሙና ዘሩ ይመሰክሩበታል።

በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ ስለ እሾህ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በባዶ እግሩ ለመሳለም የሚመጣ ምእመን፥ በበዓል ቀን በዐጸዱ ውስጥ የሚሮጥ ሕፃን፥ የዘመዱን መቃብር ለማየት በሣር መካከል የሚያልፍ ሰው፥ ይህ ሁሉ ነገሩ የሚነካው ነው። ከዚህም ሌላ ቅጽር ሲጸዳ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይደርሳል። አንደኛው አበባው ስላማረ ብቻ ከባሕር ማዶ የመጣውን ክፉ እሾህ እንደ ጌጥ ቈጥሮ መተው ነው። ሁለተኛው እሾህ ስላለው ብቻ ከጥንት ጀምሮ ዐጸዱን ሲጠብቅ የኖረውን የአገሩን ቁጥቋጦ ከሥሩ መንቀል ነው። የፊተኛው ስሕተት ጠላትን በቤት ያሳድራል፤ የኋለኛው ዘበኛን ያባርራል። ስለዚህ ዶማ ከማንሣት አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ለማወቅም የእሾሁን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ምድሩ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር ከተማይቱ የተሠራችው ከእንጦጦ ግርጌ፥ በፍል ውኃ አቅራቢያ ነበር። ዛሬ ቦሌ፥ ገርጂ፥ ኮተቤ፥ ሲኤምሲና አያት የሚባለው የምሥራቁ ወገን ግን ለብዙ ዘመን የእርሻና የግጦሽ አገር ሆኖ ቆየ። በሰሜኑ የየካ ተራራ፥ በደቡብ ምሥራቁ የየረር ተራራ ይታያል። በየካ ተራራ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ከተማይቱ ሳትቆረቆር ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በዚያ አገር የክርስቲያን ሕዝብ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 2300 ሜትር ያህል ነው። አፈሩም በብዙው ስፍራ ገበሬ መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህን ጠባይ ማወቅ ለሚያርም ሰው እጅግ ይጠቅመዋል፤ በበጋ በደረቀ መረሬ ውስጥ የተያዘ ሥር ይበጠሳል እንጂ አይነቀልምና።

አውሮፕላን አስቀድሞ በልደታ ሜዳ ያርፍ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ከዚያም ወዲህ መንገዱና ቤቱ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ሄደ፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠሩ። እርሻው ሲታጠፍ፥ ጉድጓድ ሲቆፈር፥ ከሩቅ አገር የመጣ አሸዋና ጠጠር ሲደፋ፥ አፈሩ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲጋዝ፥ ከአፈሩ ጋር የአረም ዘር አብሮ ይጓዛል። የተገላበጠና ባዶ የሆነ መሬት ከማናቸውም አስቀድሞ የሚቀበለው አረምን ነው። በዚህም ምክንያት ሕንጻ በበዛበት በምሥራቁ ወገን መጤ አረም ተስፋፋ፤ የጥንቱ ቁጥቋጦ ደግሞ መሸሻ አጥቶ በወንዝ ዳርና በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ብቻ ቀረ ለማለት ጥቂት ነው የሚጎድለው።

ስለ ነባሩ እሾህ

የደጋው አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው እሾኻም ዕፀዋት ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው አጋም ነው። አጋም ቅጠሉ ዘወትር አረንጓዴ፥ አበባው ነጭና መዓዛው ጣፋጭ፥ ፍሬው ሲበስል ጥቁር የሆነ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬውን ሕፃናት ለቅመው ይበላሉ። በአጠገቡ የበቀለውን ቁልቋል እየወጋ ወተቱን ስለሚያፈስሰው፥ ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚለው ምሳሌ ወጥቶለታል። ከአጋም ቀጥሎ ቀጋ አለ፤ ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ አበባው ነጭ፥ ፍሬው ቀይና የሚበላ ነው። ቀንጠፋ ደግሞ እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ ያለው፥ በዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ሲሆን የዘሩ ክንፍ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እንጆሪም እሾህ አለው፤ ፍሬው ግን ይበላል።

እምቧይ እሾኻም ቅጠልና ሲበስል ቢጫ የሚሆን ድቡልቡል ፍሬ አለው። ፍሬው አንዱ በአንዱ ላይ ተረጋግቶ አይቀመጥምና ጽናት የሌለው ነገር ሁሉ የእምቧይ ካብ ይባላል። ፍሬው መርዝነት አለው፤ ስለዚህ ለሕፃናት መጠንቀቅ ይገባል። ኩርንችት ደግሞ በመሬት ላይ ተዘርግቶ የሚያድግ ትንሽ ተክል ነው፤ ፍሬው በየትኛውም ወገን ቢወድቅ አንዱ እሾሁ ወደ ላይ ይቆማል፥ በባዶ እግሩ የሚሄደውንም ይወጋል።

እነዚህ ዕፀዋት ነባር ለመሆናቸው አንዱ ምስክር ስማቸው ነው። በቦሌና በየካ ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የኦሮሞ ገበሬ አጋምን አጋምሳ፥ እምቧይን ሂዲ፥ ቀንጠፋን ሐረንገማ ይላቸዋል። አንድ ተክል በየቋንቋው የራሱ የሆነ የቆየ ስም ሲኖረው፥ ምሳሌም ሲነገርበት፥ ሰውና ተክሉ ለብዙ ዘመን አብረው እንደ ኖሩ ያስረዳል።

የእነዚህም እሾህ ያለ ጥቅም አይደለም። ከብት የሚገባበት አጥር የሌለው ዐጸድ የወይራና የጽድ ቡቃያ አያሳድግም፤ ፍየልና በግ ቡቃያውን ይግጡታልና። በእሾኻም ቁጥቋጦ ሥር የበቀለ ቡቃያ ግን ከግጦሽም ከፀሐይም ተጠብቆ ያድጋል። በትግራይ የተደረጉ የደን ምርምሮች እንዳሳዩት፥ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ በገላጣ ስፍራ ከተተከለው ይልቅ ይድናል። እንግዲህ ቁጥቋጦው ለዛፉ ሞግዚት ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ባደረጉት፥ በ2007 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው ጥናታቸው 168 ዓይነት እንጨታም ዕፀዋት አግኝተዋል። ከነዚህ መካከል ትልልቅ ዛፎች ብቻ ሳይሆኑ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎችም ይገኛሉ። ዐጸድ የትልልቅ ዛፎች ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ሁሉ ማኅበር ነው።

ስለ መጤው እሾህ

ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ከመድረሱ አስቀድሞ የአሜሪካ ዕፀዋት በኢትዮጵያ አይታወቁም ነበር። ስለዚህ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በአንድ ደብር ዐጸድ የቆመ መነኩሴ አጋምንና ቀጋን አይቶ ይሆናል፤ ከሜክሲኮ የመጣውን እሾህ ግን ሊያይ አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ በመርከብና በንግድ ብዙ ነገር መጣ። በርበሬ፥ በቆሎና ድንች ከዚያው ከአሜሪካ የተገኙ ናቸው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አመጣ የሚባለው ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ነው። ባሕር ዛፍም በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ ማገዶ ለተቸገረችው ለአዲስ አበባ ደረሰላት፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ መጤ የሆነ ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚባለው የተተከለበትን ስፍራ አልፎ፥ ማንም ሳይዘራው እየተባዛ፥ ነባሩን የሚያጠፋው ነው።

ከዚህ ወገን በአዲስ አበባ ግቢዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ላንታና ካማራ የሚባለው ነው፤ ሕዝቡ የወፍ ቆሎ ይለዋል። መነሻው ሞቃታማው አሜሪካ ሲሆን ስለ አበባው ውበት ለአጥርና ለጌጥ ተተከለ። ስሙም አካሄዱን ይገልጻል፤ ጥቁሩን ፍሬ ወፍ ይበላዋል፥ ዘሩንም ከቅጽር ወደ ቅጽር ያደርሰዋል። ቅጠሉን የበላ በግና ከብት ጉበቱ ይታመማል፥ ቆዳውም ፀሐይ ሲነካው ይቆስላል። ወደ ሕንድ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ተብሎ ገብቶ ነበር፤ ዛሬ ግን የሕንድን ጫካ ከወረሩት አረሞች አንዱ ሆኗል።

ሁለተኛው አርጌሞኔ ሜክሲካና ነው። ስሙ እንደሚያስረዳው ከሜክሲኮ ወገን ነው። ቅጠሉ እሾኻምና ነጭ ጅማት ያለው፥ አበባው ደማቅ ቢጫ፥ ሲቆረጥም ቢጫ ወተት የሚያወጣ ነው። ዘሩ ጥቁርና ትንሽ ሆኖ የሰናፍጭን ዘር ይመስላል፤ ክፋቱም በዚሁ ነው። ዘሩ ከዘይት እህል ጋር ተደባልቆ ሲጨመቅ ዘይቱን የበላ ሰው እግሩ ያብጣል፥ ልቡም ይደክማል። በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ በዴልሂ ከተማ ይህ ዘይት በሰናፍጭ ዘይት ውስጥ ተገኝቶ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛው አጠፋሪስ፥ በሌላ ስሙ አስተናግር ነው። አበባው እንደ መለከት ረጅም ሲሆን ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ፍሬው በእሾህ የተሸፈነ እንክብል ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት መነሻው አሜሪካ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። በዚህ ግን ስም ብቻውን የታሪክ ምስክር ሆኖ እንደማይበቃ ይታያል፤ ረጅም ዘመን የኖረ መጤ የአገር ስም ያገኛልና። ተክሉ በሙሉ መርዝ ነው፤ ከውስጡ ለዓይን ሕክምና የሚያገለግለው አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ይገኛል፤ ነገር ግን ሳያውቅ ዘሩን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፥ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፥ አእምሮውን ስቶ ይለፈልፋል። አስተናግር የተባለበትም ምክንያት ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ በወረደው አገር የደረሰውን መመልከት ደግሞ ያስተምራል። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው እሾኻም ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነፋስን ለመከላከልና መሬትን ለመጠበቅ ተብሎ በአፋር አገር ተተከለ። አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ከብት ፍሬውን እየበላ ዘሩን ከፋንድያው ጋር በየሜዳው ዘራው፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፥ የአፋርንም ግጦሽ አጥፍቷል። አፋሮች ደርጊ ሃራ፥ ይኸውም የደርግ ዛፍ ይሉታል፤ ስሙ የመጣበትን ዘመን ጽፎ ይዞታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ መታየት የጀመረው ቅንጨ አረምም፥ እሾህ ባይኖረውም፥ በመንገድ ዳር እየተከተለ እስከ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ሲነኩት ቆዳን ያሳክካል፥ አበባውም ለአስም በሽተኛ ክፉ ነው። ይህም እሾህ የሌለው ሁሉ የዋህ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ስለ መለየት

በቅጽር ጽዳት ጊዜ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ኮሸሽላ ከሚለው ስም ነው። ሕዝቡ ቅጠሉ የሚዋጋውን ተክል ሁሉ ኮሸሽላ ይለዋል፤ በዚህ ስም ግን ብዙ የተለያዩ ዕፀዋት ተሰብስበዋል። ስለዚህ አበባውን መመልከት ይገባል። አበባው ቀይ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ የተደረደረ ከሆነ አካንቱስ ሴኒ የሚባለው ነው፤ ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮው የማይበቅል፥ ለንብም ማር የሚሰጥ ነው፤ አይነቀልም። አበባው እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆነ ከቀበርቾ ወገን ነው፤ ቀበርቾም ሥሩ ለጢስ የሚፈለግ የኢትዮጵያ ብቸኛ ሀብት ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ እንደ ብሩሽ የቆመ የነባሩ አሜከላ ወገን ነው፤ ከመንገድና ከመቃብር ላይ ይነሣል፥ በዳር ቢቀር ግን ጉዳቱ ጥቂት ነው። አበባው ቢጫ፥ ወተቱም ቢጫ ከሆነ ግን ያ ከሜክሲኮ የመጣው ነውና ያለ ምሕረት ይነቀላል።

የወፍ ቆሎም ሁለት ነው። መጤው ግንዱ አራት ማዕዘን ያለውና በትናንሽ ቆልማማ እሾህ የተሸፈነ ነው፤ ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፥ ሲታሹም ኃይለኛ ሽታ አላቸው፤ በአንድ ራስ ላይ ያሉት አበቦች ቢጫ፥ ብርቱካንማና ቀይ እየሆኑ ይለዋወጣሉ። ነባሩ ግን እሾህ የለውም፤ ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይወጣሉ፥ ፍሬውም ሐምራዊ ነው። እንግዲህ ግንዱን ዳስሶ፥ ቅጠሉን ቈጥሮ መለየት ይቻላል።

ይህን ዕውቀት ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከሽማግሌዎችም ማግኘት ይገባል። በምሥራቁ ወገን ከተማ ሳይሠራ ያረሱ፥ ከብት የጠበቁ፥ እንጨት የለቀሙ አባቶችና እናቶች የእያንዳንዱን ቁጥቋጦ ስምና ጠባይ ያውቃሉ፤ እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ከጽዳቱ ቀን አስቀድሞ ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎች በዐጸዱ ውስጥ ዞረው የሚቀረውን ቁጥቋጦ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ቢያስሩበት ወጣቱ ሳይሳሳት ይሠራል። አጠራጣሪ የሆነውን ተክል ደግሞ ቅጠሉን፥ አበባውንና ፍሬውን በጋዜጣ መካከል አድርቆ በአራት ኪሎ ወደሚገኘው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ማከማቻ ማሳየት ይቻላል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በስም ለይቶ የዘረዘረው፥ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው ታላቅ መጽሐፍ የተዘጋጀው በዚያ ነው።

ስለ መንቀል

ለሥራው የሚሻለው ጊዜ የክረምቱ ማለቂያ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ መረሬው ለስላሳ ስለሆነ ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በወርኃ ጽጌ ምድር በአበባ ስትሸለም አረሙም ያብባልና፥ አበባው ዘር ከመሆኑ በፊት ሥራውን መፈጸም ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የተነቀለ አንድ ተክል በሚመጣው ዓመት ብዙ መቶ ሆኖ የሚበቅለውን ያስቀራል።

የሚነቅሉ ሰዎች የቆዳ ጓንት፥ ወፍራም ጫማና እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ። የወፍ ቆሎን በገጀራ ከላይ መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ከጉቶው አብዝቶ ያቆጠቁጣል፥ መሬት የነካ ቅርንጫፉም ሥር ይሰዳል። ቅርንጫፉን በባላ ገፍቶ፥ ግንዱ ከመሬት የሚገባበትን ስፍራ በዶማ ገልጦ፥ ዋናውን ሥር ከአንገቱ በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ መቁረጥ፥ ቁጥቋጦውንም ገልብጦ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ መተው ይገባል። ሥሩ አየር ላይ ደርቆ ይሞታል። ቢጫውን ኮሸሽላና አጠፋሪስን ግን ገና በቡቃያነታቸው ከእርጥብ አፈር በእጅ መንቀል ይበቃል፤ ከነቀሉ በኋላ እጅን መታጠብ፥ ዓይንን ባልታጠበ እጅ አለመንካት ያሻል።

የተነቀለውን አረም ማስወገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘር ያልያዘው ደርቆ ከመቃብርና ከዛፍ ሥር ራቅ ባለ ጉድጓድ ይቃጠል። ዘር የያዘው በጆንያ ታስሮ ይውጣ እንጂ በዐጸዱ ውስጥ እየተጎተተ አይዘራ፤ ከማዳበሪያም ጋር አይደባለቅ። አጠፋሪስን ግን በሰው አቅራቢያ ማቃጠል አይገባም፤ ጢሱም መርዝነት አለውና ከአንድ ሜትር በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ይቀበር። ሕፃናት ይህን ሥራ አይሥሩ፤ ተክሉን ግን ከሩቅ እያሳዩ ስሙንና ጉዳቱን ማስተማር ይገባል።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ድካም ይልቅ አረሙን የሚበላ ትል ማምጣት አይሻልምን ይላል። በዚህ ነገር ዓለም በጎውንም ክፉውንም አይቷል። በአውስትራልያ እሾኻም ቁልቋል እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ 24 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይዞ ነበር፤ ከአርጀንቲና የመጣ የአንዲት የእሳት ራት ትል በጥቂት ዓመታት አጠፋው፤ የቦናርጋ መንደር ሰዎችም በ1936 እ.ኤ.አ. ለዚያች ነፍሳት መታሰቢያ አዳራሽ ሠሩ። በትግራይ ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቀይ ቀለም ለማውጣት ተብሎ የመጣው ኮቺኒል የሚባል ነፍሳት ከተወሰነለት ስፍራ አምልጦ የድኻው ምግብ የሆነውን በለስ አጠፋ። ለቅንጨ አረም በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተለቀቁት ነፍሳት ሌላውን ተክል እንዳይነኩ አስቀድሞ በአምቦ በተዘጋ ቤት ተመርምረው ነበር። እንግዲህ ይህ የሊቃውንትና የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለአንድ ደብር የሚስማማው ዶማና ደቦ ነው።

ስለ መተካት

ከተነቀለ በኋላ መሬቱን ባዶ መተው አረሙን መልሶ መጥራት ነው። በወጣው ፈንታ በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ወይራ፥ ጽድ፥ ኮሶ፥ የአበሻ ግራር ይተከል። ዳር ዳሩን አጋምና ቀጋ ይያዝ፤ የቀድሞው እሾህ የአዲሱን ችግኝ ይጠብቀዋልና። ከቅጽሩ በሚያስገባው መንገድ፥ በቤተ ልሔሙ ዙሪያና በመቃብሩ ላይ ግን ነባሩም እሾህ ቢሆን ይነሣ፤ ስፍራው የሰው መሄጃ ነውና። እንዲህ ሲሆን ለእሾሁም ለሰውም ቦታ ይኖራል።

አንድ ጊዜ ነቅሎ ዐርፎ መቀመጥ ግን አይበቃም። በአሜሪካ አገር በ1902 እ.ኤ.አ. የአጠፋሪስ ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ከ39 ዓመት በኋላ ወጥቶ ቢዘራ አብዛኛው በቀለ። ይህ ማለት ወላጅ በቸልታ ያስረገፈው ዘር ለልጁ፥ ምናልባትም ለልጅ ልጁ ይበቅላል ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከመስቀል አስቀድሞ አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ቢለይ፥ በዐጸዱ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ ከነስሙ በደብሩ መዝገብ ቢጻፍ፥ የተነቀለውና የተተከለውም በየዓመቱ ቢመዘገብ፥ ወደፊት የሚነሡ አገልጋዮች ምን እንደ ተረከቡ ያውቃሉ።

በኦሪቱ ሥርዓት ኢዮቤልዩ በሃምሳኛው ዓመት ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ነው። የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ምድር ከእርሻነት ወደ ከተማነት ከተለወጠ ወዲህ አጋሙ፥ ቀጋውና ወይራው ርስታቸውን እየለቀቁ ሄደዋል፤ የቀራቸው ስፍራ ቢኖር ይህ ቅጽርና እንደዚህ ያለው ቅጽር ነው። መጤውን እሾህ ነቅሎ፥ ነባሩን ለይቶ፥ በባዶው ላይ ዛፍ የሚተክል ማኅበር ለእነዚህ ርስታቸውን ይመልስላቸዋል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡትም ሳይወጉ የሚሄዱበት መንገድና የሚያርፉበት ጥላ ያቈያቸዋል።